የአያቴ የብር ማንኪያና ሹካ ሳጥን፦ ከመከፋፈላችን በፊት ምኑን እንይ?

የመንቆረር_ልጅ (ደብረ ማርቆስ)
ሰላም ለዚህ ቤት። አያታችን ካረፉ በኋላ ቤታቸውን ስናጸዳ ከአልጋ ሥር አንድ የእንጨት ሳጥን ወጣ። ውስጡ በቀይ ከፋይ ተለብጧል። ማንኪያ፣ ሹካ፣ ቢላዋ፣ አንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ አንዲት ትንሽ የጨው ዕቃ አለበት። ለብቻው በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ዋንጫም አለ። እሱ የፈረንጅ አይመስልም፣ የሀገር ሥራ ነው።

ሁሉም ጠቁሯል። ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሥቷል። ታላቅ ወንድሜ «በአመድና በሎሚ ፈትገን እናብራውና እንካፈለው» ይላል። አክስቴ «ከራስ ኃይሉ ግቢ የወጣ ነው፣ ማንም እንዳይነካው» ትላለች። አንድ ነጋዴ ደግሞ ወሬውን ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ቤት ድረስ መጥቶ «ጠቅላላውን በኪሎ ልግዛችሁ» አለን።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ትልልቆቹ ማንኪያዎች ጀርባቸው ላይ የሚራመድ አንበሳ፣ የነብር ፊትና «ሲ» የሚለው የእንግሊዝ ትልቁ ፊደል ተመትቶባቸዋል። ከጎኑ የሠሪው መሰለኝ ሁለት ፊደል አለ። ሹካዎቹ ላይ 800 የሚል ቁጥርና ዘንግ የታሰረበት መጥረቢያ የመሰለ ነገር አለ። የሻይ ማንኪያዎቹ ላይ አራት ፊደል ተደርድሯል፦ ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ። ማንቆርቆሪያውና ዋንጫው ምንም የላቸውም።

የቱ ብር ነው? የቱ ደኅና ነው፣ የቱ ተበላሽቷል? የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

አንጥረኛው_ከጣና_ዳር (ባሕር ዳር)
እህቴ፣ መጀመሪያ ወንድምሽን ከአመዱ አርቂልኝ።

ጥቁረቱ ጉዳት አይደለም። ብር ከሰልፈር ጋር ሲገናኝ ላዩ ላይ የሚያበቅለው ስስ ሽፋን ነው። የምድጃ ጭስ፣ እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ የሱፍ ጨርቅ፣ ላስቲክ ሁሉ ያፋጥኑታል። በማንኛውም ጊዜ ይነሣል። በአመድ የተፈተገ ብር ግን ከጥቁረቱ ጋር ራሱ ብሩም ይሄዳል። መጀመሪያ የሚጠፋው ቅርጹ ነው። የአበባው ጠርዝ ይሟልጫል፣ ማኅተሙ ይደበዝዛል። ማኅተሙ ከጠፋ የዕቃውን ዕድሜ በምን ልታውቂ ነው? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። የጥርስ ሳሙናም እንደዚያው ነው፣ አሸዋ አለው። በዩቲዩብ የምታዩት የአሉሚኒየም ወረቀትና ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ጥቁረቱን በደቂቃ ያነሣል። ችግሩ ሠሪው ሆን ብሎ በቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ የተወውን ጥላም አብሮ ይጠርገዋል፤ ዕቃው ገርጥቶ ይወጣል። እጀታው ውስጡ ክፍት ሆኖ በሙጫ ለተሞላ ቢላዋማ ጭራሽ አይሆንም።

ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ብቻ እጠቢው። በጥጥ ጨርቅ አድርቂው። ከዚያ ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጥተሽ እይው፣ አምፖል ሥር አይደለም። የዕቃ ጉዳት የሚታየው ብርሃን በጎን ሲመታው ነው።

ነጋዴው_ከቡሬ
እህት ይህን ያህል አትጨነቂ። ሁሉንም በአንድ ላይ እወስዳለሁ፣ ጥሩ ዋጋ እከፍላለሁ። ግራሙን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ስመጣ አሲድ ጠብ አድርገን እናረጋግጣለን።

የሞጣው
😂 ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። ወንድሜ፣ ልጅቷ ገና ጥያቄ ጠይቃ ሳትጨርስ መጫኛህን ይዘህ መጣህ?

ደጀን_ማዶ (ለንደን)
እኔ አንድ የጨረታ ቤት ዕቃ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ብር በየቀኑ በእጄ ያልፋል። ስለ ምልክቶቹ ልንገርሽ።

የሻይ ማንኪያዎቹ ብር አይደሉም፤ ብር ቅብ ናቸው። አራቱ ፊደላት በየራሳቸው ሳጥን ውስጥ ተመትተው ማኅተም ይመስላሉ፣ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ትርጉማቸው አልፓካ ላይ በኤሌክትሪክ የተለበጠ ብር ማለት ነው። አልፓካ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ድብልቅ ነው፤ ውስጡ ቅንጣት ብር የለም። ይህ የመለበጥ ዘዴ እንግሊዝ ሀገር የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1840 እ.ኤ.አ. ነው። ሌላ ዕቃ ላይ 90 ወይም 100 የሚል ቁጥር ካየሽም አትደሰቺ። እሱ የልባጩን መጠን እንጂ የብሩን ጥራት አይናገርም።

ትልልቆቹ ማንኪያዎች እውነተኛ ብር ናቸው። የሚራመደው አንበሳ ከ1000 ውስጥ 925 ብር ነው ማለት ነው። የነብሩ ፊት የለንደን የብር ጥራት መመርመሪያ ቤት ምልክት ነው። መልሕቅ ቢሆን በርሚንግሃም ነበር። «ሲ» ደግሞ ዓመቱ ነው። ግን ትልቁ «ሲ» በየዙሩ እየተመለሰ ይመጣል፣ ስለዚህ አንድ ነገር እይልኝ፦ ከአንበሳው አጠገብ የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ ተመትቷል? ከ1784 እስከ 1890 እ.ኤ.አ. ቀረጥ የተከፈለበት ብር ላይ ያ ራስ ይመታ ነበር።

የመንቆረር_ልጅ
የሰው ራስ የለም። በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ሁሉንም አየሁ። አንበሳው፣ ነብሩ፣ «ሲ»ው፣ የሠሪው ፊደል፣ በቃ። ነብሩም ዘውድ የለውም።

ደጀን_ማዶ
ራሱም ዘውዱም ከሌሉ ቀረጡ ከቀረበት ከ1890 በኋላ የተሠራ ነው፤ እንግዲያው 1938 እ.ኤ.አ. ነው። በኛ 1930 ወይም 1931 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

የሹካዎቹ ምልክት ደግሞ የጣልያን ነው። 800 ማለት ከ1000 ውስጥ 800 ብር። ያ ዘንግ የታሰረበት መጥረቢያ የፋሺስቶቹ አርማ ነው። ጣልያን በ1934ቱ ሕግ የብር ሠሪዎች ማኅተም ላይ አስገብታው በ1944 እ.ኤ.አ. አስወጥታዋለች። አጠገቡ የከተማ ምሕጻረ ቃልና የሠሪው ቁጥር መኖር አለበት። ስለዚህ ሹካዎቹ የተሠሩት በእነዚያ ዓመታት መካከል ነው።

ጋሽ_ቢቸና
ልጄ፣ አክስትሽን አታስቀይሚያት። ግን ማርቆስ ውስጥ ከራስ ኃይሉ ግቢ ያልወጣ አሮጌ ዕቃ አላውቅም። ወንበሩም፣ ሣህኑም፣ ሰዓቱም ሁሉ ከእሳቸው ግቢ ነው።

እውነቱን ለመናገር ወሬው ከባዶ አልተነሣም። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ሀብታም ሰው ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሹ ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞረዋል። የፈረንጅ ብር ቢገዙ የሚገርም አይደለም። ሆኖም የታሰሩት በ1924 ዓ.ም. ነው። ማንኪያው በ1930 ወይም በ1931 ከተሠራ ከዚያ በፊት ግቢያቸው ሊገባ አይችልም። በ1930 ደግሞ ጎጃም በጣልያን እጅ ነበር። የእንግሊዝ ማንኪያ ያኔ ማርቆስ ገባ ከማለት፣ ጣልያን በ1933 ከወጣ በኋላ ገባ ማለት ይቀላል።

ሹካዎቹ ግን ጉድ ናቸው። የፋሺስት አርማ ያለበት ሹካ ማርቆስ ውስጥ ከተገኘ ወይ የመኮንን ማዕድ ላይ የነበረ ነው፣ ወይ ጣልያን ሲለቅ የተተወ፣ ወይ ምርኮ። አያትሽ ወይም አባታቸው አርበኛ ነበሩ?

የመንቆረር_ልጅ
ጋሼ፣ የአያቴ ታላቅ ወንድም ዱር ገብቶ ነበር ይባላል። ወንድሜ ይሄን ሲሰማ «ሹካውንማ ቀልጦ ባየሁት» አለ። አክስቴ ደግሞ አሁን ስለ ራስ ኃይሉ ማውራት አቁማ ስለ ምርኮ ጀምራለች።

አንጥረኛው_ከጣና_ዳር
አይቅለጥ። የማንም ቤት ታሪክ ይዞ የመጣ ዕቃ ነው። ለማቅለጥ መቼም ይደርሳል።

ወደ ጉዳቱ እንምጣ። እኔ ማንኪያ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው አፉን ነው። የማንኪያ አፍ ሲሠራ ሁለቱም ጎኑ እኩል ክብ ነው። ብዙ ያገለገለ ማንኪያ ጫፉ ይጎረዳል፤ በቀኝ እጅ የሚጠቀም ቤት ከሆነ በግራ በኩል ጠፍጠፍ ይላል፣ ድስትና ሣህን የሚፍቀው እሱ ነውና። አዲስ ማንኪያ አጠገቡ አስቀምጪና አወዳድሪ። ከዚያ አፉን በአውራ ጣትሽ ቀስ ብለሽ ጫን በይው። ብሩ እንደ ቆርቆሮ ጎበጥ ብሎ ከተመለሰ ሳስቷል።

ቀጥሎ የእጀታው ጫፍ። የፈረንጅ ማንኪያ ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ስም ፊደል ይቀረጽበታል። የሚሸጥ ሰው ደግሞ ያስፍቀዋል። የተፋቀው ቦታ በዓይን አይታይም። በትንፋሽሽ «ሃ» በይበት። ለአፍታ ጉሙ ሲቀመጥ የድሮው ፊደል ጥላ ብቅ ይላል። እዚያ ላይ ብሩ ቀጥኗል፤ በጣትሽ ብትነኪውም ይታወቅሻል።

ሹካ ላይ የምታዪው ጥርሱን ነው። አራቱም ጥርስ እኩል ይረዝማሉ? ዳርና ዳሩ ካጠረ ብዙ ተበልቶበታል። ይሄ ደግሞ ለኛ ሀገር ጠቃሚ ፍንጭ ነው። እኛ በእጃችን ነው የምንበላው። የኛ ቤት ሹካ ለእንግዳ ይወጣል እንጂ አይደክምም። የሻይ ማንኪያ ነው የሚያልቅብን፣ ስኳር በማማሰል። ስለዚህ ሹካው ካለቀ ያለቀው አንቺ ቤት ሳይመጣ ነው።

የሞጣው
ይሄ ሰውዬ ከፖሊስ ምርመራ ክፍል ነው እንዴ የመጣው? ቀጥል ቀጥል።

አንጥረኛው_ከጣና_ዳር
ቢላዋ። ጆሮሽ አጠገብ አድርገሽ ነቅንቂው። የብር እጀታ ያለው ቢላዋ እጀታው ክፍት ነው። ከስስ ብር ተሠርቶ ውስጡ በሙጫ ይሞላል፣ ስለቱ በዚያ ሙጫ ይያዛል። ፈላ ውኃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ሙጫው ይለሰልስና ስለቱ ይላወሳል። የሚንኳኳ ነገር ከሰማሽ ሙጫው ተሰብሯል። ለዚህ ነው ቢላዋን ከማንኪያ ጋር በአንድ ላይ በኪሎ መመዘን ጨዋታ የሚሆነው። ከክብደቱ አብዛኛው ብረትና ሙጫ ነው። ይሄን የማያውቅ ሻጭ ግራ ይገባዋል፣ የሚያውቅ ገዢ ደግሞ «ቢላዋው እኮ ብር አይደለም» እያለ የሌላውንም ዋጋ ያወርዳል።

የጨው ዕቃዋን ውስጧን እይ። ጨው ብርን ይበላል። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ በመርፌ ጫፍ ቀስ ብለሽ ዳስሺው። ጥልቀት ካለው ቁስል ነው፤ ማንም አይመልሰውም። ፈረንጆቹ ለዚህ ብለው የጨው ዕቃን ውስጡን ወርቅ ይቀቡት ነበር።

ማንቆርቆሪያውን ክዳኑን ከፍተሽ ወደ ፀሐይ አዙሪው፤ ውስጡን ተመልከቺ። ብርሃን በቀዳዳ ይገባል? መቅጃው ከሆዱ ጋር የተያያዘበትን፣ የክዳኑን ማጠፊያ፣ የእግሩን ዙሪያ እይ። ግራጫ ድፍርስ የሚመስል ጠብታ ካለ በእርሳስ ተበይዷል። ያ መጥፎ ነው። በብር የሚበይድ ሰው በኋላ ልጠግን ቢል እርሳሱ ሲሞቅ ብሩ ውስጥ ገብቶ ይበሳዋል።

ነጋዴው_ከቡሬ
ይሄ ሁሉ ወሬ ምን ያደርጋል? አንድ ጠብታ አሲድ ይጨርሰዋል። ብር ከሆነ ይታወቃል፣ ካልሆነ አረንጓዴ ይሆናል።

አንጥረኛው_ከጣና_ዳር
ወንድሜ፣ አሲዱ የሚነግርህ ላዩን ነው። ብር ቅብ ላይ ጠብ ብታደርገው «ብር ነው» ይልሃል። ውስጡን ለማወቅ በሞረድ መቁረጥ አለብህ። ያኔ ዕቃው ተበላሸ። የአሲዱም ጠባሳ አይለቅም፣ ጢሱም ለሳንባ መርዝ ነው። ማኅተም ያለበት ዕቃ ላይ አሲድ ምን ይሠራል?

እህቴ፣ ማኅተም ለሌለው በውኃ መመዘን ይሻላል። የግራምን አንድ አሥረኛ እንኳ የማይስት ሚዛን ከወርቅ ቤት ተዋሺ። ዕቃውን ደረቁን መዝኚና ጻፊ። ቀጥሎ ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ዕቃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጪና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሺው። ማንኪያውን በክር አንጠልጥለሽ ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥልቂው። ታቹንና ጎኑን አይንካ። ክሩን በእጅሽ ያዢው። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር የዕቃው ይዘት ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍዪ።

925 ብር ወደ 10.3 ወይም 10.4 ይመጣል። 800ው ወደ 10.1። የጠገራ ብር ቅልቅል 10.2። አልፓካ ከ8.6 እስከ 8.8። ክፍት እጀታ ያለው ቢላዋ ላይ አትሞክሪው፣ ይዋሻል።

የመንቆረር_ልጅ
ይኸው ውጤቴ። ሰፈራችን ያለ ወርቅ ቤት ሚዛኑን አዋሰኝ፣ ሰውየው ራሱ ቆሞ እያየ ነበር።

ትልቁ ማንኪያ ደረቁን 70.4፣ ውኃ ውስጥ 6.8። ወጣ 10.35። ሹካው 61.2 ለ6.0፣ 10.2። የሻይ ማንኪያው 22.6 ለ2.6። 8.7 መጣ! ደጀን ልክ ነህ።

ዋንጫው ደረቁን 164፣ ውኃ ውስጥ 16.5። 9.94 ሆነ። ይሄ ምን ማለት ነው? ነሐስ የተቀላቀለበት ነው?

የቀረውን ላስረዳ። የሹካዎቹ ዳር ጥርሶች በግልጽ አጥረዋል፣ የመሐሎቹ ረዝመዋል። አንዱ ትልቅ ማንኪያ ላይ ስተነፍስበት ሁለት የተጠላለፉ የፈረንጅ ፊደላት ታዩ፣ ከዚያ ጠፉ። ቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ እየተቀባበለ ሲተነፍስበት ዋለ። ከቢላዋዎቹ ሁለቱ ይንኳኳሉ፤ ስለታቸው ላይ «የማይዝግ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። የጨው ዕቃዋ ተበሳስታለች። ማንቆርቆሪያው አንድ ጎኑ ሰርጉዷል። መቅጃው ሥር ያ ግራጫ ነገር አለ። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ደግሞ ቀላ ያለ ቀለም ይታያል።

ደጀን_ማዶ
ቀላ ያለው መዳብ ነው። ማንቆርቆሪያው ብር ቅብ ነው፣ ሲወለወል ኖሮ ልባጩ አልቋል። ግን አንድ ነገር እይ። ሆዱ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚሄድ የመገጣጠሚያ መስመር አለ? ውስጡስ በብር ተለብጧል ወይስ ሌላ ቀለም ነው? ከኤሌክትሪኩ በፊት፣ ከ1740ዎቹ ጀምሮ እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዝ ሀገር ሼፊልድ ከተማ ውስጥ ብርና መዳብ በእሳት አጣብቀው እንደ አንሶላ ይዳምጡት ነበር። እንደዚያ ያለው ዕቃ መገጣጠሚያው ይታያል። መዳቡ ቢገለጥም እንደገና አይለበጥም፣ ዋጋው ይወርዳል። በኤሌክትሪክ የተለበጠ ከሆነ ግን ውስጥ ውጭ ሳይል ሁሉንም ሸፍኖት ታገኚዋለሽ።

የማይዝግ የሚለው ስለትም ዕድሜ ይናገራል። የማይዝግ ብረት ሼፊልድ ውስጥ የተገኘው በ1913 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ያለ ቢላዋ ያን ጽሑፍ ሊይዝ አይችልም። ወይም አሮጌ እጀታ ላይ አዲስ ስለት ተገጥሟል፣ እሱም የተለመደ ነው።

የመንቆረር_ልጅ
መስመር የለም። ውስጡም እንደ ውጩ ነው።

ደጀን_ማዶ
እንግዲያው በኤሌክትሪክ የተለበጠ ነው። በእርሳስ የተበየደ፣ የሰረጎደ፣ ልባጩ ያለቀ። ለመልክ አስቀምጡት። ለማስጠገን ገንዘብ አታውጡበት።

አንጥረኛው_ከጣና_ዳር
ዋንጫውን ድጋሚ መዝኚ። 9.94 አልተዋጠልኝም። ዋንጫ ሲጠልቅ ውስጡ አረፋ ይይዛል። ቅርጽ ካለበት በቅርጹ ሥር ጥቃቅን አየር ይጣበቃል። አየር ውኃ ስለሚገፋ ይዘቱን ያበዛዋል፣ ውጤቱን ያወርደዋል። ውኃው ላይ አንድ ጠብታ ሳሙና ጨምሪ፤ ዋንጫውን በጎን አስገቢና ውኃ ውስጥ ገልብጠሽ አራግፊው።

የመንቆረር_ልጅ
አቤት! 16.1 ሆነ። 164 ለ16.1፣ 10.19።

አንጥረኛው_ከጣና_ዳር
በል እንግዲህ። ጠገራ ብር ነው። የማሪያ ቴሬዛ ብር ከ1000 ውስጥ 833 ያህል ንጹሕ ብር ነው፣ አንዱ 28 ግራም ይመዝናል። ስድስቱ 168 ግራም ይሆናል። 164 ማለት ስድስት ጠገራ ብር አቅልጦ፣ ሠሪው ሲሞርድና ሲያጸዳ የጎደለው ነው። ድሮ ሰው አንጥረኛ ዘንድ ብሩን ቆጥሮ ይዞ ይሄድ ነበር፣ ሥራውም ተመዝኖ ይመለስለታል። እርግጥ በስድስት ብር ለመሠራቱ መማል አልችልም። ቁጥሩ ግን ደስ ይላል።

ውስጡን ተመልከቺ። ትናንሽ ጠፍጣፋ ምቶች ከታዩ በመዶሻ የተመታ ነው፣ ጥሩ ሥራ ነው። አፉ ዙሪያ ስንጥቅ ፈልጊ። ብር እየተመታ ሲደርቅ መሐል ላይ በእሳት ካልለሰለሰ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሲበቅል ሲበቅል ይቀደዳል።

ዲያቆኑ_ከዲማ
ሰላም ለሁላችሁ። ዋንጫው ላይ መስቀል አለ? ጽሑፍስ? የምጠይቀው ያለምክንያት አይደለም። በየቤቱ «የአያቴ ዋንጫ» የሚባል አንዳንድ ዕቃ የቤተ ክርስቲያን ጽዋ ሆኖ ተገኝቷል። በችግር ዘመን ለአደራ ተሰጥቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ንዋየ ቅድሳት ብዙ ጊዜ የሰጪው ስምና የታቦቱ ስም ይጻፍበታል።

የመንቆረር_ልጅ
ውይ። ከአፉ ዝቅ ብሎ ዙሪያውን የተፋቀ የሚመስል ቀበቶ አለ። ጭረት ነው ብዬ ትቼው ነበር። አሁን ፀሐይ በጎን እያስመታሁ ሳየው «ዘ» ትነበባለች። ቀጥሎ ያለው አይለይም። ትንሽ ቆይቶ «ለ» የምትመስል አለች። መስቀል የለም።

ዲያቆኑ_ከዲማ
አትሽጡት። አደራ! አካባቢያችሁ ያለ ደብር የንብረት መዝገብ አለው፣ አለቃውን ጠይቁ።

ጋሽ_ቢቸና
ዲያቆን፣ አትቸኩል። «ዘ» ብቻ ምስክር አይሆንም። ባለጸጋውም የገዛ ስሙን በዋንጫው ላይ «ዘእገሌ» ብሎ ያስቀርጽ ነበር። የቤት ዋንጫ የጠላና የጠጅ ነው፣ ሰፊ አፍ አለው፣ እግር ላይኖረው ይችላል። ጽዋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ረጅም እግርና መያዣ አንጓ አለው። ልጄ፣ የአንቺው እግር አለው?

ማን ፋቀው የሚለውም ጥያቄ ነው። ባለቤት የገዛ ስሙን አያስፍቅም። የሚያስፍቀው በሌላ መንገድ ያገኘው ነው።

የመንቆረር_ልጅ
እግር የለውም። ታቹ ጠፍጣፋ ነው። ግን ጋሼ፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሣችኝ። 🙈

ዲያቆኑ_ከዲማ
እግር ከሌለው ጽዋ የመሆን ነገሩ ቀንሷል። ቢሆንም መጠየቁ አይጎዳም።

ነጋዴው_ከቡሬ
እኔ ዋንጫውን ብቻውን እወስዳለሁ። የውጭ ሀገር ደንበኛ አለኝ፣ የሀገር ሥራ ይወዳል።

ጋሽ_ቢቸና
አቶ ነጋዴ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አንብብ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም። የሀገር ሥራ የሆነ፣ ጽሑፉ የተፋቀ አሮጌ የብር ዋንጫ ይዘህ ቦሌ ላይ ብትያዝ ምን ልትል ነው? ልጄ፣ ይሄን ሰው በር ላይ መልሺው።

የሞጣው
መጫኛውን ይዞ ተመለሰ 😂

ጮቄ_ሥር
አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ ነው። ሁሉም ሰው ስለ ጉዳት ያወራል። ዋጋውስ? ጭረት ያለበት ማንኪያ ዋጋው ስንት ይቀንሳል?

ደጀን_ማዶ
ቁጥር መስጠት አልወድም፣ ግን ቅደም ተከተሉን ልንገርህ። ጥቁረት ምንም አይቀንስም። ቀላል ጭረትም እንደዚያው፣ ያገለገለ ብር ሁሉ ጭረት አለው። እንዲያውም ምንም ጭረት የሌለው አሮጌ ማንኪያ ካየሁ በማሽን ተወልውሏል ብዬ እጠረጥራለሁ። ስርጉድ ጥሩ ባለሙያ ካለ ይወጣል። የተፋቀ ስም፣ የሳሳ አፍ፣ የደበዘዘ ማኅተም በጣም ይቀንሳሉ። እነዚህ የማይመለሱ ናቸው። የእርሳስ ብየዳና ስንጥቅ ያለበት ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ በብሩ ክብደት ብቻ ይሸጣል። የተሟላ ስብስብ ደግሞ አንድ ላይ ሲሆን ነው ዋጋ የሚያወጣው። ስድስት ሹካ ለሦስት ወንድማማች ሁለት ሁለት ከተካፈለ ስብስብነቱ አበቃ።

የመንቆረር_ልጅ
ቤተሰቡ ትናንት ማታ ተሰብስቦ ተነጋገረ። የሻይ ማንኪያዎቹን ወንድሜ ወሰደ፤ ብር ቅብ ናቸው፣ ይጠቀምባቸው። ትልልቆቹ ማንኪያዎችና ሹካዎቹ ሳይነጣጠሉ አክስቴ ዘንድ ይቀመጣሉ። ስለ ምርኮው ጉዳይ ከሽማግሌዎች የምትሰማውን ልትጽፍ ነው። ዋንጫውን ይዤ የፊታችን እሑድ ደብሩ አለቃ ዘንድ እሄዳለሁ። ነጋዴው ደውሎ ነበር፣ አላነሣሁም።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ በምን ጠቅልለን እናስቀምጠው? ድሮ የነበረበት ጋዜጣና ላስቲክ ነበር። ላስቲኩ የታሰረበት ቦታ ላይ ጥቁር ቀለበት ቀርቷል።

አንጥረኛው_ከጣና_ዳር
ቀለበቱን የሠራው የላስቲኩ ሰልፈር ነው፣ ሁለተኛ በላስቲክ አትሰሩት። ጋዜጣም፣ ሱፍም፣ ፌስታልም አይሁን። ፌስታል ላብ ይይዛል፣ ሲቆይም ብሩ ላይ ይለጠፋል። የታጠበ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል፣ ያረጀ ነጠላ በጣም ጥሩ ነው። እያንዳንዱን ለብቻው ጠቅልሉት፣ እርስ በርሱ እንዳይፋተግ። ሳጥኑ ከወጥ ቤት ይራቅ። የከፋዩን ዕድሜ ስለማላውቅ ከፋዩ ላይ ራቁቱን አታስተኙት።

ከማሸግሽ በፊት የእያንዳንዱን ማኅተም በስልክ አንሺ። ክብደቱን አጠገቡ ጻፊ፣ የሁላችሁንም ፊርማ አስፈርሚበት። ቢላዋዎቹን ግን የሚንኳኩትን ለብቻ አድርጊልኝ። ባሕር ዳር የምትመጪ ከሆነ ይዘሻቸው ነይ። ሙጫውን አውጥቼ ስለቱን መልሼ እገጥምልሻለሁ።